ጎንደሬው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ሆሳዕና ተቀምጦ ለጎንደር የቀድሞ ተማሪዎች መጽሔት የሚጽፍ ሰው ስለ ንግሥት እሌኒ ይጽፋል ብላችሁ ብትጠብቁ አልፈርድባችሁም። የሐዲያዋ እሌኒ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ቤተ መንግሥት ገብተው፣ ኋላም በዐፄ ልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን አገር የመሩ ሴት ናቸው። የከተማችን ትልቁ ሆስፒታልም በስማቸው ይጠራል። እሳቸውን ግን ለታሪክ ሰዎች ትቻለሁ። እኔ ሐኪም ነኝ፣ የምጽፈውም ስለ ሐኪም ነው፤ ያውም ጎንደር ስለተወለዱ ሐኪም። በተማሪነታችን ስማቸውን የምናውቀው በጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ላይ ብቻ ነበር። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ማን ነው ይባላል፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ብለን እንመልሳለን፣ ነጥባችንን ይዘን እናልፋለን።

የመረጥኳቸው ግን በመጀመሪያነታቸው ብቻ አይደለም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ ባሉ ከተሞች የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ሳይወድ በግድ የፎረንሲክ ሐኪም ነው። ፖሊስ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። አብሮት የተደበደበ ሰው ይኖራል፣ ወይም የተደፈረች ልጅ፣ ወይም ዕድሜው ያልታወቀ ተከሳሽ፤ አንዳንዴም አስከሬን ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ የሰውን አካል በሐኪም ማስመርመር የሚችልበትን ሁኔታ ይደነግጋል። ሕጉ ሐኪም ይላል እንጂ የፎረንሲክ ስፔሻሊስት አይልም። ስለዚህ ተረኛው ይጽፋል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ የጻፈውን እንዲያስረዳ ፍርድ ቤት ይጠራል። በዘርፉ የሠለጠኑት ጥቂቶች ናቸው፣ በአብዛኛውም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከበድ ያለ የአስከሬን ምርመራ ሲያስፈልግ ለረጅም ዘመን የተለመደው መንገድ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መላክ ነው። ከእኛ እስከዚያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሥራ መሐል ሆኜ የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ሳነበው፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የፎረንሲክ መዝገብ መሰለኝ።

ሕፃኑ ወርቅነህ የተወለደው በ1857 ዓ.ም. አካባቢ ጎንደር ውስጥ ነው። ዘመኑ ለጎንደር ክፉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ ጋር ተቃቅረው በ1859 ዓ.ም. ዘረፏት፣ አቃጠሏትም። የልጁም ቤተሰብ መቅደላ ላይ ከነበሩት መሐል ሆነ። (ቴዎድሮስ ካምፓስ የኖራችሁ ወንድሞችና እህቶች ነገሩን በግል እንዳትወስዱት።) ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በጄኔራል ናፒየር ጦር እጅ ወደቀች፣ ንጉሡም ራሳቸውን አጠፉ። በዚያ ግርግር ውስጥ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው ልጅ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል አንድ ኮሎኔል ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ።

ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደ ሌላ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልዑል ዓለማየሁ። እሱ የንጉሥ ልጅ ስለነበር ስሙ አልጠፋም፣ ፎቶግራፉ ተነሣ፣ የእንግሊዝ ንግሥት ጠየቀችው። በ1872 ዓ.ም. በሰው አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ በዚያው አካባቢ ያረፉ የሌሎች ሰዎችን ዐፅም ሳይነኩ የእሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። መልሱ ፖለቲካ ነው ሙያ የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። ዐፅም ከዐፅም መለየት ግን የታወቀ፣ የሚሠራበት የፎረንሲክ ሥራ ነው።

የእሸቴን ልጅ ግን የጠየቀው አልነበረም። ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ከአንደኛው ቻርልስን ከሌላኛው ማርቲንን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚስዮን ትምህርት ቤት አደገ፣ ክርስትናውንም እንግሊዝኛውንም ከዚያው ያዘ። የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ቋንቋ አያውቅም ነበር። ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1882 እ.ኤ.አ. ሐኪም ሆኖ ወጣ። በእኛ ዘመን በዚያ ዕድሜ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት እንጠባበቅ ነበር። ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ ተመርቀዋልና።

ዶክተር ማርቲን በተመረቁበት አልቆሙም። ጥቂት ዓመታት በሕንድ ከሠሩ በኋላ ስኮትላንድ ሄደው እንደገና ተማሩ፣ ተፈተኑ፣ ከዚያ አገር የሐኪሞች ማኅበራት ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ይህንን ክፍል ቶሎ የምናልፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም። የላሆሩ ዲፕሎማ እንጀራ ለመብላት ይበቃቸው ነበር። ፈቃድ ለማሳደስ የሲፒዲ ነጥብ ሰብስቡ የሚላቸው ሚኒስቴር አልነበረም፣ ሥልጠና ሲሄዱ አበል የሚከፍልም አልነበረም። ያጠራቀሙትን ይዘው ባሕር አቋርጠው ተማሩ። ሲፒዲ ግዴታ ከሆነ ወዲህ እኛ አንድ ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሰርተፊኬት ይዘን ስንወጣ፣ ከመሐላችን ስንቱ የቁስል ማስረጃ አጻጻፉ ተሻሽሎ እንደወጣ ብንጠያየቅ ጥሩ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ በርማ ያሉት ሐኪምም ሰሙት። ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ የማን ልጅ እንደሆኑ ግን አያውቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈቃድ ወስደው ተነሡ፣ አዲስ አበባም ገቡ። ዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ፣ የሚያነጋግራቸው ግን በአስተርጓሚ ነው። ድንኳን ተክለው ሕመምተኛ ያዩ ጀመር። የድንኳኑ ወሬ ሲዛመት ከመቅደላ የጠፋው ልጅ ታሪክ አብሮ ተዛመተ። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መጡ። የልጅ ልጄ ነው አሉ። የለዩዋቸው በልጅነታቸው በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ በቀሩ ጠባሳዎች ነው። ዶክተር ማርቲን ወርቅነህ እሸቴ መባላቸውን የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ ዕድሜያቸው ከሠላሳ አልፏል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ በእኛ አገር የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ መጀመሪያ ላይ ያለ የማንነት መለየት ሥራ ነው፤ የተለዩትም ሐኪሙ ራሳቸው ናቸው። ጠባሳ ደግሞ እንዲሁ የሚታመን ምስክር አይደለም። አገራችን ጠባሳ የሌለው ሰው የላትም፤ ምድጃ አጠገብ የተቃጠለ፣ ለዓይን ሕመም ቅንድቡ የተበጣ፣ ክትባቱ ምልክት የተወበት። ሺዎች የሚጋሩት ጠባሳ ምንም አይለይም። የሚለየው ቦታው፣ ቅርጹ፣ ከሌላ ጠባሳ ጋር ያለው ጥምረት ነው፤ አንዱ ክንድ ላይ፣ ሌላው እግር ላይ ሲሆን የመገጣጠሙ ዕድል በጣም ያንሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ ቤተሰብ ምልክቱን የተናገረው ሰውየውን ከማየቱ በፊት ነው ወይስ ካየ በኋላ? የዘመኑ አሠራር የቤተሰብን ቃል ለብቻ፣ የአካሉን ምርመራ ለብቻ መዝግቦ ከዚያ የሚያስተያየው ለዚህ ነው። ልጇን የተነጠቀች እናት የምትፈልገውን ታያለች፤ ሐሰተኛ ሆና ሳይሆን እናት ሆና።

ይህ ለእኛ ለሐዲያና ለከምባታ ሰዎች የታሪክ ወሬ አይደለም። ከእነዚህ ከተሞች ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይነጉዳል። ቤቱን ያሠራው፣ ባጃጁን የገዛው ከዚያ የመጣ ገንዘብ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። የማይመለሰውም ብዙ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተቆፈረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ላይ የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተገኙ። እንዲህ ዓይነት ወሬ በተሰማ ቁጥር በእኛ ከተሞች ስልክ ይጨናነቃል። ከዚያ ልጃቸው የተሰወረባቸው ሰዎች ወደ ሐኪም ይመጣሉ። ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ እነሱም አያውቁም፤ አንዳንዶቹ የልጁን የድሮ የሕክምና ካርድ እንዳለ ሊጠይቁ ነው የሚመጡት።

እኔ ካርዱን ፈልጌ ሳጣ አንድ ወረቀት አወጣለሁ። የት ተሰብሮ ያውቃል? የትኛው ጥርሱ ተነቅሏል? እንጥሉ ተቆርጧል? ኦፕሬሽን ተደርጎ ያውቃል? ቁመቱ ከወንድሙ ጋር ሲነጻጸር? ጠባሳው ቀኝ ነው ግራ? ፎቶ ላይ ሲስቅ የሚታይ ጥርስ አለ? አባቱና እናቱ በሕይወት አሉ ወይ፣ ዲኤንኤ ለማመሳከር ሲፈለግ የሚገኙት እነሱ ናቸውና። ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ወረቀቱ ሉሳካ ወይም ማፑቶ ይድረስ አይድረስ በእኔ እጅ አይደለም። ነገር ግን የእናት ትዝታ እንደ አስከሬን ይፈርሳል፤ ቀኝና ግራ በዓመት ውስጥ ይምታታል። ዛሬ መጻፉ ለነገ ነው። ይህን ለመሥራት የፎረንሲክ ዲግሪ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ያለ ነርስም፣ ጤና መኮንንም ይችላል። ሐኪም ወርቅነህን ያገኟቸው አሮጊት ሠላሳ ዓመት ያህል ያንን ዝርዝር በልባቸው ይዘው ኖረዋል።

እሳቸው ስማቸውን ካገኙ በኋላ ወዲያው አልቀሩም። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ናቸውና ወደ በርማ ተመለሱ። እንደገና የመጡት በ1900 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። ጊዜው ዐፄ ምኒልክ የታመሙበት ነበር። ምኒልክን ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም የምናውቀው ስትሮክ ነበር፣ እየተደጋገመ አካላቸውንም አንደበታቸውንም የያዘ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነበር፤ መርዝ። ሽታይንኩለር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል ብሎ እስከ መክሰስ ደረሰ፣ ነገሩም የዲፕሎማሲ ቀውስ ሆነ።

እስቲ አስቡት። አልጋ ላይ ያለው ሰው ንጉሠ ነገሥት ነው። ከአልጋው ዙሪያ እቴጌ ጣይቱ፣ መኳንንቱ፣ የየአገሩ ሌጋሲዮን ሐኪሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ሐኪም ከጀርባው አንድ መንግሥት አለ። የመርዝ ክስን ገለልተኛ ሆኖ የሚመዝን ተቋም የለም። በእንዲህ ያለ ቦታ የሐኪም ቃል ሕክምና መሆኑ ቀርቶ ፖለቲካ ይሆናል። መልኩ ይነስ እንጂ ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ወጣት ሰው በድንገት ሲሞት በእኛም አካባቢ መጀመሪያ የሚሰማው አብልተውት ነው የሚለው ነው። ሐኪሙ አስከሬኑን በዓይኑ ብቻ አይቶ አዎ ወይም አይደለም እንዲል ይጠበቃል። በዓይን ብቻ መርዝ አይወሰንም። ናሙና በአግባቡ ተወስዶ፣ ታሽጎ፣ ማን ከማን እንደተረከበው ተጽፎ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ያ በሌለበት ሐኪም ሊጽፍ የሚችለው ትልቁ ነገር የሞቱን ምክንያት በዚህ ምርመራ መወሰን አልተቻለም የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፣ ሞታቸውም ለረጅም ጊዜ በይፋ አልተነገረም።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ ሌላ የበርማ ዘመን አሳለፉ። በ1911 ዓ.ም. ጡረታቸውን ይዘው ለመኖር መጡ፤ ከሚስታቸው ከወይዘሮ ቀጸላ ቱሉና ከብዙ ልጆቻቸው ጋር። ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ ግቢው ውስጥ አበባ ይተክላል። እሳቸው ሌላ ሦስትና አራት ሙያ ጀመሩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ዳኝነታቸው ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ውል በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣ ክርክር እንዴት እንደሚታይ ደንግጎ ነበር። ከዚያ የተነሣው ልዩ ፍርድ ቤት ነው፤ ኢትዮጵያዊ ዳኛ ከባዕዱ አገር ቆንስል ጋር የሚቀመጥበት። ራስ ተፈሪ መኮንን ለዚህ ወንበር የመረጡት ሐኪሙን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ የውጭ ሰዎችን አሠራር ያውቃሉ፣ በጥቅም አይታሙም። ቆንስሉ ለዜጋው በሚያደላበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ለኢትዮጵያዊው ባለጉዳይ መከራከር ቀላል ሥራ አልነበረም። አንድ ሐኪም የፍርድ ቤትን ሁለት ወገን፣ የምስክሩንም የዳኛውንም፣ ማወቁ ዛሬ ቢሆን ስንት ነገር ባስተካከለ ነበር እላለሁ።

ምክንያቱም እኛና ዳኞች ብዙ ጊዜ አንግባባም። የእጅ አንጓ ኤክስሬይና ጥርስ አይቼ ዕድሜው ከ16 እስከ 18 ይሆናል ብዬ ስጽፍ ዳኛው አንድ ቁጥር ይፈልጋል። በሕጉ 15 ዓመትም 18 ዓመትም የሰውን ዕጣ የሚቀይሩ መስመሮች ናቸው፤ አጥንት ግን የልደት ሰርተፊኬት አይደለም። የቁስል ማስረጃ ላይ ደግሞ በቢላ ተወግቶ ብለን እንጽፋለን፤ ቢላውን አላየነውም። ያየነው ጠርዙ የተስተካከለ፣ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ርዝመት ያለው፣ በስለታም ነገር ሊደርስ የሚችል ቁስል ነው። ጠበቃው ቢላውን የት አዩት ሲል ማስረጃው ሁሉ ይናዳል፣ ከማስረጃው ጋር ተበዳዩም። በእኛ አካባቢ ጥቂት ሐኪሞች፣ አዋላጆች፣ መርማሪዎችና ዐቃብያነ ሕግ ሆነን በወር አንድ ጊዜ ሻይ እየጠጣን ያለፈ መዝገብ ስም ሸፍነን እናነባለን። ሰርተፊኬት የለውም፣ አበልም የለውም። ሆኖም ከየትኛውም የአዳራሽ ሥልጠና የበለጠ የተማርኩበት እሱ ነው። አንዳንዴ የአገር ሽማግሌም እንጋብዛለን፤ ምክንያቱም ድብደባው በሽምግልና አልቆ ካሣ ሲወሰን ሽማግሌዎቹም የሐኪሙን ወረቀት ይጠይቃሉ። ጉዳቱ ዘላቂ ነው አይደለም የሚለው አንድ መስመር እዚያም እዚህም ሚዛን ይደፋል።

ወደ ሐኪም ወርቅነህ ልመለስ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። በጎልማሳነት የተማሩትን አማርኛ ይዘው የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። የባርነትን ነገር የሚመለከተው የ1916ቱ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ አዋጅ ነጻ ያወጣዋል እንጂ ነጻ የወጣው ልጅ የት ያድራል፣ ምን ይበላል የሚለውን አይመልስም። ሐኪም ወርቅነህ የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበርን አቋቁመው ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከደቡብ የምንጽፍ ሰዎች ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከየት ወገን እንደነበሩ ሳይነገረን እናውቃለን። ስማቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ ቋንቋቸውን ያጡ ልጆች ናቸው። ያንን ማጣት ከውስጥ የሚያውቅ ከአንድ የመቅደላ ልጅ በላይ ማን ነበር?

ሐኪም ከክሊኒኩ ወጥቶ ማኅበር ማቋቋሙ ከሕክምና መራቅ አይደለም። በከምባታ ቦጋለች ገብሬ በ1997 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የተጋፈጠው መንደር ለመንደር በተደረገ ውይይት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን በአንቀጽ 565 እና 566 ይቀጣል፤ ሐኪም መርምሮ ጉዳቱን መመስከር ይችላል። ነገር ግን ጎረቤት ካልተናገረ፣ አያት ካልተቃወመች፣ መዝገቡ ከመጀመሪያው አይከፈትም። ያለ ማኅበረሰቡ የፎረንሲክ ሐኪም ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

የቀሩትን ሹመቶቻቸውን ፈጠን ብዬ ላንሣ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመደራደር አሜሪካ ተላኩ። ቀጥሎ የጨርጨር ገዢ ሆኑ፣ አሰበ ተፈሪን ማእከል አድርገው ከተማሩ ወጣቶች ጋር አርአያ የሚሆን አውራጃ ለመሥራት ሞከሩ። ከዚያ ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የጣሊያን ወረራ የደረሰባቸው እዚያ ነው። በሰባ ዓመታቸው ለአገራቸው ገንዘብ ለመኑ፣ ያሳደጋቸውን አገር ደጅ ጠኑ።

ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ተምረው ተመልሰው ነበር። በጥቁር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ሆነው ጠላትን ተጋፈጡ፣ በኋላም ተያዙ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖች የተማረ የተባለውን ሁሉ ሲያጠፉ ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው ለንደን ነበሩ። ልጅ ሆነው ከወላጆቻቸው የጠፉት ሰው አሁን በተራቸው ልጆቻቸው የጠፉባቸው አባት ሆኑ። በዚያ የካቲት ለሞቱት ሺዎች የሐኪም ማስረጃ አልተጻፈም፣ ማን የት እንደወደቀ የሚል ዝርዝር አልተያዘም። እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን በሙያ መልኩ የተሞከረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን መጥቶ የቀይ ሽብር ዘመን ሟቾችን ዐፅም በማውጣትና በመለየት የልዩ ዐቃቤ ሕግን ምርመራ ሲያግዝ። አርጀንቲናውያኑ ይህን ሙያ የያዙት በራሳቸው አገር የተሰወሩ ልጆችን ከሚፈልጉ እናቶችና አያቶች ጎን ቆመው ነው። አያት እዚያም አለች።

ሐኪም ወርቅነህ የስደቱን ዘመን በውጭ አሳልፈው ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ሹመት አልያዙም። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ነበራቸው፣ የሕይወታቸውንም ታሪክ ጽፈው ትተዋል። ስለሳቸው ይህን ያህል በዝርዝር ማወቅ የተቻለው የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ ማስታወሻ ስለቀዱ ነው። በሽተኛ ካርድ ላይ ሁለት መስመር ጽፈን ለምንፈርም ለእኛ ይህ ልማዳቸው ሳያስቀናን አይቀርም። ሰማንያ ስምንተኛ ዓመታቸው አካባቢ፣ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

በተወለዱባት ከተማ የጤና ኮሌጁ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ያሠለጠነው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነበር፤ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ። እኛም ቲቲፒ ብለን ጭቃውን የረገጥነው ከዚያው ልማድ የተነሣ ነው። የፎረንሲክ ኮርሳችንን ግን ስንት ሰዓት ተማርነው? ባቾቻችሁ ተሰብስባችሁ ስትጠያየቁ ይህንንም አንሡት። አሁን በማስተማር ላይ ያላችሁ መምህራን ደግሞ አንድ የኢንተርን ሳምንት ለማስረጃ አጻጻፍ ብትመድቡ፣ ከሆሳዕና ስም የተሸፈነባቸው የቁስልና የዕድሜ ማስረጃዎች ለመላክ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ከጥሩዎቹም ከመጥፎዎቹም።